ሳጥን ሳጥን የሆነው መልእክት

ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ሁለት ሺህ አራት ወይም አምስት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። ባሕር ዳር ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ። አማርኛ ስተይብ ጣቶቼን አላያቸውም። ሰው እያወራ እኔ እከተላለሁ፤ አውርቶ ሲጨርስ እኔም ጨርሻለሁ። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ፊደል የሚባል ነገር አያቅተኝም ብዬ አምን ነበር ማለት ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ገቡ። በጋሪ መጥተው ነው መሰለኝ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ፤ ያቺን ባለ አዝራር ትንሽ ስልክ።

«ልጄ፣ ይህቺ ነገር ጮኻብኝ ነበር። ምን እንደምትል እዪልኝ።»

አማርኛቸው ደህና ነው፤ ግን ከአፋቸው የሚወጣው ቀስ እያለ፣ እየተመረጠ ነው። አዊኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ መሆኑ ያስታውቃል። ስልኩን ተቀብዬ መልእክቱን ከፈትኩት። ፊደል የለውም። ሳጥን ብቻ ነው፤ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ላይ ተደርድሮ አንድ መስመር ተኩል ያህል ሞልቷል። ወረፋ የያዙ ሦስት ሰዎች ከኋላቸው ቆመዋል።

«ምንም አይደለም እማማ፤ የማስታወቂያ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ይመጣል፤ ስልክዎትን እንዳያበላሽ ላጥፋልዎ?» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ እሺ ልጄ፤ አጥፊው» አሉ።

አጠፋሁት። መርቀውኝ ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። በዚያ ቀን ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጥቻቸው ስልኩን ስከፍት አራት መልእክት ተከታትሎ መጥቷል። አራቱም ሳጥን ብቻ ናቸው። በዚህኛው ጊዜ ግን የላኪውን ቁጥር አየሁት። በመደመር ምልክት የሚጀምር፣ ረጅም፣ የእኛ አገር ያልሆነ ቁጥር ነው።

«እማማ፣ ውጭ አገር ሰው አለዎት እንዴ?»

«ልጄ አለች እንጂ» አሉ፣ የሚያውቁትን ነገር እንደጠየቅኳቸው ሁሉ። «ዐረብ አገር ከሄደች ሁለት ክረምት አለፋት። በየወሩ ትደውል ነበር። አሁን አምስት ወር ሆነ፤ ድምጿ የለም።»

እጄ ላይ ያለው ስልክ ከበደኝ። ባለፈው ያጠፋሁት መልእክት ትዝ አለኝ፤ ቁጥሩን እንኳ አላየሁም ነበር። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «እንግዲህ ይህ የእሷ ሊሆን ይችላል። ይተዉልኝና አንድ ነገር ልሞክር» አልኳቸው።

የእኔ ስልክ ያኔ አዲስ የመጣው በጣት የሚነካው ዓይነት ነበር። አራቱን መልእክት ከእሳቸው ስልክ ወደ እኔ ላክኋቸው። ሳጥን ብልክ ሳጥን ይደርሰኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ሳጥኖቹ የሉም። በቦታቸው የዐረብኛ ፊደላት ተቀምጠዋል! እዚያ ያልነበረ ፊደል በመንገድ ላይ ከየት መጣ? የእሳቸውን ስልክ መልሼ አየሁት፤ ሳጥን ነው። የእኔን አየሁት፤ ዐረብኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ቆየሁ። እናትየው ፊቴን እያዩ «ክፉ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፤ ገና አልተነበበም» አልኳቸው።

በማግስቱ መስጊዱ አጠገብ ጨርቅ ወደሚሸጡት ሐጂ ሄድኩ። ሐጂ በልጅነታቸው ቁርኣን የቀሩ፣ በጎልማሳነታቸው ሱዳን ለብዙ ዓመት የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ዐረብኛ ማንበብም መናገርም ይችላሉ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ።

«ይህን ማን ነው እንዲህ የበታተነው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ፊደሉን ነዋ! የእኛ ፊደል እጅ ለእጅ ይያያዛል። ይኸው እዪ።» በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔያቸው ጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ፤ ከዚያ አጠገቧ ሌላ ሲጨምሩ የመጀመሪያዋ ጅራቷን አጥታ ከሁለተኛዋ ጋር ተጣበቀች። «እዚህ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ቆሟል። ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የተደረደረው። እኛ ከቀኝ ነው የምንጀምረው። ከጭራው ወደ ራሱ የሚሄድ ነገር እንዴት ይነበባል?»

ትንሽ ታገሉ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከኋላ እየለቀሙ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃል አይሆንልኝም ልጄ። ስልክሽ ነው ያበላሸው። አስተካክለሽ አምጪልኝ።»

እኔም የስልኬ ጥፋት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወደ ሱቄ ተመልሼ መልእክቶቹን በኢሜይል ለራሴ ላክሁና ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኳቸው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። እዚያም ፊደሎቹ እንደተበታተኑ፣ እንደተገለበጡ ቀረቡ። ቢያንስ በትልቁ ይታዩኛል ብዬ ወደ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ቀድቼ ላስቀምጣቸው ስል አንድ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ። ረጅም ነበር። ሳላነብ፣ እንደ ልማዴ፣ እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ወዲያው መብራት ሄደ። በማግስቱ ገጹን ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አንድም ፊደል የለም። ሳጥን የነበረው ፊደል ሆነ፣ ፊደል የነበረው ጥያቄ ሆነ። የሚስቅብኝ ያለ መሰለኝ።

ቆሰበር ከተማ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ባሕር ዳር አብረን የተማርን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። በሚኒባስ ሄድኩ። ጓደኛዬ ሻይ ሊጋብዘኝ ሲነሳ «ሻዩ ይቆይ» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት፤ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ያጠፋሁትን ግን አልነገርኩትም።

ኢሜይሌን በእሱ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍት ፊደሎቹ ተያይዘው፣ ከቀኝ ጀምረው፣ ሥርዓት ይዘው ወጡ። እኔ ምንም አልነካሁም፤ እሱም ምንም አልነካም።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ምንም። የተላከልሽ ቅርጽ አይደለም፤ ቁጥር ነው» አለኝ። «ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም የተስማማበት ቁጥር አለ። ሲላክ የሚሄደው ቁጥሩ ነው፤ ቅርጹን የሚሥለው የተቀባዩ መሣሪያ ነው። የእናትየው ስልክ የዐረብኛ ቅርጽ ጭራሽ የለውም፤ ስለዚህ ሳጥን ይሥላል። ቁጥሩ ግን ውስጡ አለ። ለዚህ ነው ወደ አንቺ ሲያልፍ ያልጠፋው።»

«እሺ የእኔስ ስልክ? የእኔ ቅርጹ አለው። ለምን በታተነው?»

«የእኛን ፊደል አስቢ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን ያየ ቅርጹን ያውቃል፤ አለቀ። የዐረብኛው ግን አንድ ፊደል ቁጥሩ አንድ ሆኖ መልኩ አራት ሊሆን ይችላል። ለብቻው ሲቆም አንድ መልክ፣ ቃል ሲጀምር ሌላ፣ መሀል ሲገባ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ። የትኛውን መልክ እንደሚያወጣ ጎረቤቱን አይቶ መወሰን የመሣሪያው ሥራ ነው። የአንቺ ስልክ ጎረቤት ማየት አያውቅም። ከቀኝ መጀመርም አያውቅም።»

በቁልፍ ሰሌዳው አንድ ፊደል ጻፈልኝ፤ ቆመች። ሁለተኛ ሲጨምር የመጀመሪያዋ ዐይኔ እያየ መልኳን ቀየረች። «ያቺን ማን ነካት?» አልኩ ሳላስበው። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስጽፍ የኖርኩት አንድ ጊዜ የተጻፈ ፊደል በቦታው የሚቆምበትን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ያለፈውን ይቀይራል ሲለኝ ከእግሬ ሥር መሬቱ የተንሸራተተ መሰለኝ።

«የጥያቄ ምልክት የሆነውስ? ይመለሳል?»

«እሱ አይመለስም። እሺ ብለሽ ስታስቀምጪው ቁጥሩ ራሱ ተቀይሯል። አሁን ውስጡ ያለው እውነትም የጥያቄ ምልክት ነው። ስልክሽ ላይ ዋናው ባይኖር ኖሮ በቃ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሻዩን ጠጣሁ። ምን እንደቀመስኩ አላውቅም።

አራቱን ቁራጭ በአንድ ገጽ ላይ ለማስፈር ስሞክር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጠቋሚው ወደ ግራ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ ነኝ ብዬ ሳጠፋ መጀመሪያው ይበላል። ቁራጮቹን ለመለየት አንድ፣ ሁለት ብዬ የጻፍኳቸው ቁጥሮች እኔ ካስቀመጥኳቸው ጎን ተነስተው ወዲያ ማዶ ይገኛሉ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ወንበሩን ወስዶ እሱ አስተካከለውና በትልቅ ፊደል አትሞ ሰጠኝ። ወረቀቱን በመጽሐፍ መሀል አድርጌ፣ እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቅሁ፣ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናትየውን ይዤ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ወረቀቱን ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ! አሁን ጽሑፍ ሆነ!» አሉ። እናትየው በሩ አጠገብ ያለ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ሐጂ በጣታቸው እየተከተሉ በልባቸው አነበቡ። አንድ መስመር ጨረሱ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ።

«ልጄ፣ ፊደሉ ዐረብኛ ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቋንቋው ግን አይደለም። አንዲት ቃል አልገባኝም።»

«ተሳስተን ይሆን ሐጂ? እንደገና ተገልብጦ?»

«የለም፣ አልተገለበጠም። ልክ ነው የተጻፈው፤ ማንበብ እችላለሁ። የማነበው ምን እንደሆነ ነው የማላውቀው። በዚህ ፊደል የሚጽፉ ሌሎች ሕዝቦች አሉ። የፋርስ ይሁን የሌላ፣ እንጃ።»

ምናልባት ላኪዋ ከመጀመሪያውም የእናትየው ልጅ አይደለችም፤ አንድ የማናውቀው ሰው ቁጥር ተሳስቶ ለማናውቀው ሰው የላከው ይሆናል። ሚኒባሱ፣ ኢሜይሉ፣ ይህ ሁሉ መባከን ለሌላ ሰው ወሬ ነበር ማለት ነው? ለእናትየው ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰላሰልኩ ሳለሁ ሐጂ፣ እልህ ይዟቸው ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የመጀመሪያውን መስመር እየቆራረጡ አነበቡት።

እናትየው ቀና አሉ።

«እስቲ ይድገሙልኝ አባቴ።»

ሐጂ ደገሙት። እናትየው ከጥቅሉ ላይ ተነስተው ቀረቡ። «ያችን ሦስተኛዋን ላላ አድርገው ይበሏት» አሉ። ሐጂ ላላ አድርገው ደገሟት። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«የእኛ ነው» አሉ። «አዊኛ ነው። እማዬ ነው የምትለኝ።»

ሐጂም እኔም እርስ በርስ ተያየን። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ዳንግላ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አዊኛ በየቀኑ በጆሮዬ ያልፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አሟልቼ አልሰማም። ያን ቀን እንዳፈርኩት በቋንቋ አፍሬ አላውቅም። ማንበብ የሚችሉት ሐጂ የሚያነቡትን አያውቁም፤ ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ማንበብም መስማትም አልችልም፤ የገባቸው ፊደል ያልቆጠሩት እናት ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ቀላል አልነበረም። በዐረብኛው ጽሑፍ አጫጭሮቹ አናባቢዎች አይጻፉም፤ አንባቢው ቃሉን ስለሚያውቅ ከራሱ ይሞላቸዋል። ሐጂ ደግሞ ቃሉን አያውቁም። ስለዚህ አንዷን ቃል በሦስት በአራት ዓይነት እያነበነቡ ያቀርቡላቸዋል፤ እናትየው «አይደለችም፣ አይደለችም... እሷ ናት!» እያሉ ይመርጣሉ። አንዳንዴም ድምፁ ከዐረብኛ ፊደል ውስጥ ስለሌለ ልጅቷ የቀረበ ያለችውን ተክታለች፤ እዚያ ጋ ሁለቱም ይደናበራሉ። አራቱ ቁራጮችም እንደ አመጣጣቸው እንጂ እንደ አጻጻፋቸው አልነበሩም፤ እናትየው «ይህ ከዚያኛው በፊት ነው፤ እዚህማ ጨርሳለች» ብለው አስቀየሩን። ሸማች ሲመጣ ሐጂ «ዛሬ ዝግ ነው» እያሉ ይመልሳሉ፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የተገኘው ይህ ነው። በሕይወት አለሁ። የነበርኩበትን ቤት ትቻለሁ። ስልኬን እዚያ ወስደውብኛል፤ ይህ የሰው ስልክ ነው፤ እንዳትደውሉበት። ከአገራችን ሴቶች ጋር ነኝ፤ ወረቀት እየጠበቅን ነው። የወሰደኝ ሰው የሚላችሁን አትስሙ። ከዚያ አንዲት የመጨረሻ ቃል ነበረች። እናትየው እንዳሉት በአንድ መንገድ ስትነበብ «እመጣለሁ» ትሆናለች፤ በሌላ መንገድ ስትነበብ «እቆያለሁ» ነች። ሐጂ ሁለቱንም እየደጋገሙ አሉላቸው።

«የትኛዋ ናት?» አልኳቸው።

«እኔ አልመርጥም» አሉ እናትየው። «ከመረጥኩ ያልሆነችውን አምናለሁ።»

ስንወጣ፣ መንገድ ላይ፣ መሸከም አልቻልኩም። «እማማ፣ ያኔ መጀመሪያ ያጠፋሁትም የእሷ ነበር» አልኳቸው። ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ባታጠፊውስ ማን ያነበው ነበር? እንዲህ መሆኑን ያኔ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ» አሉኝ። ይህን ብለው ወደ ጋሪው ሄዱ። ይቅር እንዳሉኝ ወይም እንደተቀየሙኝ አላወቅሁም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አልመጡም። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሱቄ በር ነጠላ የለበሰች ሴት ባለፈች ቁጥር ቀና እላለሁ።

ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ እናትየው አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ወጣት ሴት አስከትለው ገቡ። እጇን አጥብቀው ይዘዋታል። «ይቺ ናት» አሉኝ።

ልጅቷ ዐይኗን ከመሬት አታነሳም ነበር። ወንበር ሰጠኋቸው። ቀስ እያለ ነው ነገሩ የወጣው። ገና አራተኛ ክፍል ሳለች ነው ትምህርት ያቆመችው፤ ፊደል ታውቃለች፤ ግን እዚያ ያለ ስልክ የእኛ ፊደል የለውም፤ የእንግሊዝኛውን ደግሞ ረስታዋለች። የቤቱ ሕፃናት የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ሆና ልብስ እየተኮሰች ዐረብኛውን ለቀመች። ከቤቱ ስትወጣ ከምታውቀው ፊደል መሣሪያው ላይ የሚገኘው ያ ብቻ ነበር።

«ግን ለምን በዐረብኛ ራሱ አልጻፍሽም? ዐረብኛ የሚያውቅ ሁሉ ያነብላቸው ነበር እኮ» አልኳት።

«ስልኩ የሰው ነው። ባለቤቱ ቢያየው እንዳይገባው ብዬ ነዋ» አለችኝ።

«የመጀመሪያውስ? አንዱን እኔ አጥፍቼዋለሁ።»

አሰበች። «እማዬ ብቻ ነበር ያልኩት። ይደርስ እንደሆነ ለማየት ነው» አለች። ከዚያ ደግሞ «ይመስለኛል፤ እንጃ፣ ሌላም ብዬ ይሆናል። ያን ቀን እያለቀስኩ ስለነበር» አለች።

የመጨረሻዋን ቃልም ጠየቅኋት። «እመጣለሁ» ነበር ያለችው። እናትየው ይህን ሲሰሙ የልጃቸውን ትከሻ አንዴ በመዳፋቸው መታ አደረጉት።

ሐጂ ልጅቷ መምጣቷን ሲሰሙ ካላየኋት ብለው አስጠሩን። ሻይ አስመጡ። ያን ወረቀት ከመሳቢያቸው አውጥተው ፊቷ ዘረጉና አንዷን ፊደል እየጠቆሙ ጠየቋት፤ ለካ ልጅቷ ለአንድ የአዊኛ ድምፅ የሚሆን ፊደል ስታጣ ሁለት ፊደል አጣምራ የራሷን ፈጥራ ኖሯል። ሐጂ ተቆጡ፤ ፊደላችንን አበላሸሽው አሏት። እሷ መለሰችላቸው። ቀጥሎ የሆነውን አልተከታተልኩም፤ ሁለቱም ሳያስቡት ወደ ዐረብኛ ገብተው ነበር። የሐጂ የሱዳን ነው፤ የእሷ የሌላ አገር። አንዱ ያለውን ሌላው እየሳቀ ያርመዋል፤ ልጅቷ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በጠመኔ ጨርቁ ላይ እየጻፈች ትከራከራለች።

እናትየው ወደ እኔ ጠጋ አሉና በጆሮዬ «ምን ይባባላሉ?» አሉኝ።

«እኔም አልገባኝም እማማ» አልኳቸው።

«ተዪያቸው» አሉ፣ ሻያቸውን እያነሱ። «ትናገር።»